ሁለት፣ አምስት፣ አንድ

እጄ ላይ ያለውን ያየ ሰው ይስቃል፤
«ክራር ወለደች ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።
ልየው አናጢው ነው ከዋንዛ የጠረበው፣
አራት ክር ወጥሮ በሙጫ የሰበሰበው።
ክሩም ከባሕር ዳር፣ ከዓሣ አጥማጅ ተገዝቶ፣
ቆሮሶ ሊይዝ ታስቦ እኔን ያዘኝ መጥቶ።
ኡኩሌሌ ይባላል። ጎረቤቴ ደጊቱ
«ማን ሊዳር ነው?» ብላ ዘለቀች ወደ ቤቱ።

ቡሬ፣ ስልክ ቤት ውስጥ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬ
ጆሮዬ ብቻ ነው ጡረታ ያልወጣ ዛሬ።
የቡሬን ለማርቆስ፣ የማርቆስን ላዲስ፣
ገመድ እየሰካሁ፣ ስነቅል፣ ስመልስ፤
የእህል ዋጋ፣ መርዶ፣ የሙሽራ ሳቅ ሰምቼ፣
እንዳልሰማ መስዬ ሁሉን ከሆዴ ዘግቼ።

ዘመኑ ሰባ አንድ፤ ሰዓት እላፊ ነበር።
የመጣው በመስመር ነው፣ ሳያንኳኳ በር።
መለከት ይመስላል፣ አፉን በእጁ የያዘ፣
ሊያለቅስ ተነሥቶ በሳቅ የተጓዘ።
ከማን ሬዲዮ ሾለከ? ከየትኛው ሀገር?
ማን ይጠየቃል? ያኔ ሁሉም አይነገር።
ሦስት ደቂቃ ያህል። ከዚያ የጦር ሠፈሩ
ጠራኝ፤ ገመድ ነቀልኩ፤ ሄደ ከነመስመሩ።

ጃዝ መሆኑን ያወቅሁት ባለፈው ዓመት ገና፣
የእህቴ ልጅ አንለይ ስልኩን ከፈተና።
ተነሣሁ ከወንበር፦ «እሱ ነው! እሱ!
ባርባ አምስት ዓመቱ፣ ዛሬ መመለሱ!»

እና ልማር አልኩኝ። ጣቴ ግን እንቢ አለኝ፤
የቀለበት ጣቴ እንደ ክፉ በቅሎ ጣለኝ።
ሲ ሰባት ባንድ ጣት፤ እሱን በቀን ያዝኩት።
ዲ ማይነር ሰባትን ግን አራት ወር ለመንኩት።
አራት ጣት ማኅበር ነው፣ ባንድ ቀን አይሰበሰብ፤
አንዱ ደርሶ ሲቀመጥ ሌላው ገና ሲያስብ።

አንለይ ይለኛል፦ «በቁጥር ነው መንገዱ፤
ከሁለት ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ አንዱ።»
ሳቄ መጣ። ለኔ?
ከባሕር ማዶ ሰው ሀገሩን ሲጣራ
መጀመሪያ የሚነካው ይህን ነው በተራ።
ሁለት፣ አምስት፣ አንድ። ያገር ቤት በር ቁልፉ።
የኛን ኮድ ነው ለካ ጃዞች የሚገርፉ!

መሪጌታ ይርሳው፣ ቅኔ አስቆጣሪው፣
ባጥር ብቅ አሉና፦ «ማነው ተናጋሪው?
ወይዘሮ ስመኝ፣ ያቺ ድምፅ ትጎረብጣለች፤
ቤት ሳትመታ ቆማ ደጅ ደጁን ታያለች።»
«ሰባተኛዋ ናት፤ ሆን ብላ ነው የቆመች።
ቶሎ ከገባችማ ምን ጣዕም አላት? አለቀች።»
ዝም አሉ። አጥሩን በመቋሚያ ነካ አደረጉና፦
«ይሁን። ግን ይህ ቆጠራ ነው፤ ዘረፋ አይደለም ገና።»

ተናድጄ ነበር።
እውነታቸውን ነው ግን።

ዛሬ ማታ መብራት የለም፤ የስልኬም ባትሪ አልቋል።
የት እንደምጫን የሚያሳዩኝ ነጥቦች አብረው ጠፍተዋል።
ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ከበሮውን ይዟል፣
ደግሞ እሱ ቆጠራ መች ያውቃል!
ክሮቹን ዳበስኳቸው፣
በሌሊት ፈረቃ ሻማው ሲያልቅብኝ
የገመድ ቀዳዳዎቹን እንደምዳብሳቸው።
ትንሿ ጣቴ አንለይ ያላሳየኝን ቦታ ረገጠች።
ስሕተት ናት። ደገምኳት።
ለሦስተኛ ጊዜ ስነካት ግን
ከዚያች ሌሊት፣ ከዚያ መለከት፣ አፉን ከያዘው፣
የሆነ ነገር ይዛ መጣች፣
ምን እንደሆነ እንጃ።
ካጥሩ ማዶ የመሪጌታ ሳል ተሰማ፤
ከዚያ ሳሉም ቆመ።

ሁለት።
አምስት።
ወደ አንድ አልሄድኩም። እዚያችው ላይ ያዝኳት፤
ክሩ ሲንቀጠቀጥ ደረቴ ላይ ተሰማኝ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ለሰው ስል የኖርኩትንም
ለራሴ አልኩ፣ ቀስ ብዬ፦
መስመሩ ላይ ይጠብቁ።